ሰብለ የደበቀቻቸው ስሌቶች

ሰብለ ሞተች ሲሉኝ አላመንኩም። አሁን እየጻፍኩትም አላመንኩም።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ልወጣ ስል ወንድሟ ዳዊት ኮል አደረገኝና "አሌክሳንድሪያ ቤትህ ነህ? እንዳትወጣ፣ እየመጣን ነው" አለኝ። በሰው አገርም ቢሆን የኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ነድተው እስኪደርሱ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ደርሰው ነገሩኝ፤ ትናንት ማታ ደህና ተኝታ አልነቃችም።

ለማታውቋት፣ ሰብለ የፊዚክስ ሰው ነበረች፤ አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። የአንድ አቶም ኒውክሊየስ ውስጡ ምን እንደሚመስል በትልቅ ኮምፒውተር ማስላት ቀናት ይፈጃል። እሷ ከጥቂት እንዲህ ያሉ ስሌቶች ተምሮ የቀረውን በሴኮንድ የሚገምት ፕሮግራም ሠራች። ኢሙሌተር እንለዋለን።

ግምት ስለሆነ አታምነውም ነበር። ሁልጊዜ ጥቂት ሙሉ ስሌቶችን "አይነካም" የሚል ፎልደር ውስጥ ትደብቅበትና መጨረሻ ላይ በነሱ ትፈትነዋለች። "ያየውንማ ማንም ይመልሳል፤ ያላየውን ጠይቀው" ትለኝ ነበር። ፎልስ ቸርች የሚባል ከተማ ያገለገለ መኪና ልገዛ አብረን ስንሄድ እንኳ ሻጩን ያልተዘጋጀበትን እየጠየቀች ላብ በላብ አደረገችው። ሳልገዛ ተመለስን።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግምቱ ከደበቀቻቸው ስሌቶች ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። በቀላሉ የማትደሰተው ሰብለ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እዚያው ሆና አዲስ አበባ ለእናቷ ደወለች።

እኔ ስህተቱን ያወቅኩት ባለፈው ሐሙስ ነው። ፕሮግራሙን ያስተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ ስቸኩል "አይነካም"ንም አብሬ አስገብቼበታለሁ። ለካ የጠየቅነው ያየውን ነው። ሰኞ እነግራታለሁ አልኩ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ሰኞ ነው። ለቅሶ ቤት ዳዊት ሰው በመጣ ቁጥር "ደስ ብሏት ነው የሄደችው፣ ሥራዋ ተሳክቶላት" ይላል። አቀርቅሬ ሰማሁ። ከሰዓት ላፕቶፔን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና የደበቀቻቸውን ከሚማርባቸው አውጥቼ እንደገና አስተማርኩትና በነሱ ፈተንኩት። አልገጠመም።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ዳዊትን ፓርኪንግ ጠርቼ ነገርኩት። "ለእማዬ እንዳትነግራት" ብሎኝ ተመልሶ ገባ።

ሰብልዬ፣ ስህተቱ በእኔ ስም ይጻፋል። ሥራሽን ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ፣ ፎልደርሽን ማንም አይነካውም። ያላየውን ጠየቅኩት፤ አያውቅም። ይህን ልነግርሽ አራት ቀን ነበረኝ። ደህና ሁኚ፣ እህቴ።