አሜን ያለ ወሰደ

በኛ አገር «እሺ» ማለት ጆሮዬ ሰምቷል ማለት ነው እንጂ እወስዳለሁ ማለት አይደለም። ይህን የተማርኩት ላሊበላ ላይ የስልክ ገበያ በከፈትኩ ሰሞን ነው።

ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ በመስቀልና በቅርጻ ቅርጽ ሱቄ ከእኔና ከአቧራው በቀር የሚገባ አልነበረም፤ አቧራው ደግሞ ገዝቶ አያውቅም። ስለዚህ ስልኬ ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። ገበሬው ማሩን፣ ቅቤውን፣ ድንቹን ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል፤ የከተማው ሰው ያዛል፤ እቃው እኔ ሱቅ ይመጣል። አንድ እንስራ ማር በተለጠፈ ቁጥር ላስታ በሙሉ «እሺ» ይል ነበር። ማሩ ሲደርስ ግን «እሺ አልኩ እንጂ መች እገዛለሁ አልኩ?» ይሉኛል፤ ዓይናቸውን እንኳ አያሹም።

ቢቸግረኝ ሕግ አወጣሁ፦ «ከዛሬ ጀምሮ እሺ የለም። አሜን ያለ ወሰደ!» ሰው ሳቀ፤ ሕጉ ግን ሠራ። በአሜን የሚቀልድ ሰው ላስታ ውስጥ ገና አልተወለደም።

ቅበላ ደረሰ፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሰው ቅቤና እንቁላሉን የሚሰናበትበት ሰሞን። ከኩልመስክ በኩል ያለች አንዲት ገበሬ ሐሙስ ማታ የእንቁላል ፎቶ ለጠፈች። ግሩፑን ከሁሉ ቀድማ ያመነች እሷ ናት። ጎረቤቶቿ «ስልክ ውስጥ ገበያ አለ ብሎ ማን አሞኘሽ?» እያሉ ሲስቁባት ነው የከረሙት። አርብ ረፋድ ላይ ደወለችልኝ።

«አያ ገበያ! አሜኑን አየኸው?»

«የምን አሜን?»

«ተወኝ እቴ፣ ቀልድህን! አገሩ ሁሉ አሜን ብሎ የለ? የኔ ቢያንሰኝ የጎረቤቱን ሁሉ እንቁላል ሸጬ ልከፍል በቃሌ ሰብስቤ መኪና ላይ ነኝ» አለችና ኔትወርኩ ዋጣት።

ስልኬን ከፈትኩ። አሜኑ እንደ በረዶ ወርዷል። ወደ ላይ ብገፋው፣ ብገፋው አያልቅም። መጨረሻው ላይ የእንቁላሏ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር ግን የማር ደንበኛችን የሆኑ አንድ ቄስ «መጪውን ጾም በሰላም አስጀምሮ በሰላም ያስፈጽመን» ብለው መርቀዋል። ሰዉ አሜን ያለው ለእሳቸው ነው። ለእንቁላሉ ትንፍሽ ያለ የለም።

ላቤ ቢጠራቀም የዓመቱን የውሃ ችግራችንን በፈታ ነበር። ሰኞ ጾም ይገባል። ከሰኞ በኋላ እንቁላል ላሊበላ ውስጥ ድንጋይ ነው፤ የድንጋይ እጥረት ደግሞ የለብንም። ይዛው ብትመለስስ? መንደሩ እስከ ልጅ ልጇ «አሜን» እያለ ይስቅባታል። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይገባም።

መነኻሪያው ላይ ከመኪናው ስትወርድ ደርሼ ተቀበልኳት። ቅርጫቱ፣ ካርቶኑ፣ ጭዱ፤ የላስታ ዶሮ ሁሉ ተማክሮ የጣለ ይመስላል። የጫነን ባጃጅ ኮብልስቶኑ ላይ በዘለለ ቁጥር የሚሰበረው የኔ ጎን ነው።

«ምነው ገረጣህ?» አለችኝ።

«ደስታ ነው።»

ሱቁ ውስጥ ትቻት ወደ ቄሱ ሮጥኩ። ከቅዳሴ ሲወጡ አገኘኋቸውና ጉዱን ነገርኳቸው።

«እኔ ስመርቅ አንተ ትሸጥ ኖሯል?»

«አባታችን፣ እኔ ሳልሆን...»

«አሜን ይሁንልን ማለት ነው፤ እንቁላል አምጪልኝ ማለት ነው?»

«አውቃለሁ አባቴ። እሷ ግን አምጥታለች።»

«ከኩልመስክ? ያን ሁሉ መንገድ ሳይሰበር?»

«ጥቂት ነው የተሰበረው።»

«እሱስ ራሱ ተአምር ነው» አሉና ስልካቸውን ከካባቸው ሥር አወጡ። በአንድ ጣት ሲጽፉ እኔ በቁሜ አረጀሁ። «ትናንት ምርቃቴን የተቀበላችሁ ልጆቼ፣ ከምርቃቱ በላይ ያለውን እንቁላልም አስቡት። የሰው ልጅ ቃላችሁን አምና መጥታለች።»

ላስታ ላስታ ከተባለ ጀምሮ የቄስ ቃል አሜን ሳይባል የቀረው ያን ቀን ነው። ሁሉም አንብቧል፤ አንድ ሰው አልጻፈም። አሜን ማለት ያስገዛላ!

ሱቅ ስመለስ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። የቄሱን መልእክት አንብባዋለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችና «ታዲያ ለኔ ማን አሜን አለ?» አለችኝ።

ቅዳሜን በሩ ላይ ዓይናችንን ተክለን ዋልን። አንድ የሆቴል ባለቤት ብቅ ብሎ «እንግዳ የለኝም እኮ» ብሎ ሄደ። እኔ ስቀመጥ እሷ ትነሳለች፤ እሷ ስትቀመጥ እኔ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አንስቼ አያለሁ፤ ልቡ የተነካው የቱ እንደሆነ እንጃ፣ እሱ ይሁን የኔ።

አመሻሽ ላይ ቄሱ ባዶ ዘንቢል ይዘው ገቡ። «ሕዝቡ አሜን ካላለ መራቂው ራሱ ይላል» ብለው አስሞሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በአቋራጭ ይወርዳል፤ እሳቸው ግን ዘንቢሉን በግራ፣ መስቀላቸውን በቀኝ ይዘው በዋናው መንገድ፣ በየሻይ ቤቱ ደጅ፣ ሰላምታ እያበዙ፣ እየተንቀረፈፉ ሄዱ። ሊሳለማቸው የተነሳ ሁሉ መስቀሉን ከመሳለሙ በፊት እንቁላሉን ያያል።

በነጋታው ከቅዳሴ መልስ ነጠላ ለባሽ ደጄ ላይ ሞላ። «እኔ እንኳ አሜን ያልኩት ለምርቃቱ ነበር» ይላል አንዱ፤ ጎረቤቱ «ያው ነው፣ ያዝ» ይለዋል። የሆቴሉም ሰውዬ መጣ፤ እንግዳ ስለመገኘቱ አልጠየቅኩትም። ሲመሽ የተረፈው ጭድ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት መነኻሪያ ሸኘኋት። ባዶ ቅርጫቷን አቅፋ መኪናው ላይ ወጣችና በመስኮት አንገቷን አወጣች።

«አያ ገበያ! እኒያ ቄስ ለፋሲካም ይመርቁልናል አይደል?»

ላቤ እንደገና ጀመረ። «እሺ» አልኳት።