ባልንጀራዬ ያያት የባሕር እንስሳ

ልጄ፣ እርጥብ ኖራ ሲሸትህ ምን እንደሚሰማህ አላውቅም። እኔን አፌን ያደርቀኛል። የማስተር ፕላን ወሬ ሱሉልታን ባመሰበት ዓመት ቀያሾች መጡና ገመድ ዘርግተው፣ በገመዱ ልክ ማሳው ላይ ኖራ ነሰነሱ። ከሰዓት ካፊያ ጣለ፤ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ተነሣ። በርጩማዬን ደጃፌ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። መሬቱ መታሰብ ሲገባው፣ እኔ ግን ጎረምሳ ሆኜ ሙገር ገደል ወርጄ ኖራ ሳቃጥል የነበረው ዘመን መጣብኝ።

ሁለት ነበርን፤ እኔና ባልንጀራዬ። ነጩን ድንጋይ እንፈልጣለን፣ እቶኑ ውስጥ እንደረድራለን፣ ቀናት ሙሉ እናነደዋለን። እጃችን ይሰነጣጠቃል፣ ዓይናችን ሲያለቅስ ይውላል።

አንድ ጠዋት መሮውን እኔ ስመታው ድንጋዩ እንደ መጽሐፍ ሁለት ላይ ተከፈተ። ልወረውረው ስል ባልንጀራዬ እጄን ያዘኝ።

"ቆይ፣ ቆይ! አንተ፣ ይቺን እያት።"

መዳፍ የምታህል ነገር ነጩ ላይ ታትማለች። አጥንት የላት፣ ቅርፊት የላት። እንደ ኮባ ቅጠል መሐሏ ላይ መስመር አላት፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ሽንሽን፣ ጠርዟ ላይ ደግሞ እንደ ሽፋሽፍት የቀጠነ ጠጉር። ሻይ የተደፋበት ቦታ ይመስል ቡናማ ነበረች። ፀሐይ በጎን ሲያገኛት የምትተነፍስ ትመስላለች።

እሑድ ባልንጀራዬ ሽቅብ ወጥቶ ለሱሉልታው አስተማሪ ነገረው። ሲመለስ እግሩ መሬት አይረግጥም።

"አስተማሪው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ይሄ ሁሉ አገር ባሕር ነበር አለኝ! የባሕር እንስሳ ናት፣ ዘሯ ከምድር ከጠፋ ስንት ዘመኑ። እንዲህ ያለ ለስላሳ ሥጋ በስብሶ ይጠፋል እንጂ አይቀርም፤ ይቺን ጭቃ ድንገት ባያለብሳት ኖሮ አናያትም ነበር አለኝ። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የተማሩ ሰዎች ይዞ ይመጣል። ካስደሰትኳቸው ይወስዱኛል፤ ያስተምሩኛል።"

"እኔስ?" አልኩት።

"አንተንማ አላነሣሁለትም" አለ፤ በየዋህነቱ።

መሮውን የመታሁት እኔ ነበርኩ።

ዓርብ ቀትር ላይ፣ ለቅዳሜ ልብሱን ሊያጥብ ወንዝ ወረደ። ድንጋይዋን በጋቢው ጠቅልሎ ጥላ ሥር አኑሯት ነበር። ፈታሁና አውጥቼ እቶኑ ውስጥ ጨመርኳት። ጣ! ብላ ተሰነጠቀች። ጋቢውን በሌላ ድንጋይ መልሼ ጠቀለልኩት።

ቅዳሜ አስተማሪው እንግዶቹን ይዞ ወረደ፤ ግማሽ መንደርም ተከትሎታል። ባልንጀራዬ ጋቢውን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ፈታ። ምንም የለም። ድንጋዩን አገላበጠው፣ በእጁ ጠረገው፣ በምራቁ አራሰው። አስተማሪው ፊቱ ጠቆረና ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ አብረኸው ነህ። አይተሃል?"

"እኔ ምንም አላየሁም" አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ኦቦ ባሕር ሆነ። አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶም ልጆች መንገድ ላይ "አካም ጂርታ፣ ኦቦ ባሕር! ዛሬስ ዓሣ አለ?" ይሉት ነበር። እኔም ጎረቤቱ ሆኜ ስሰማ ኖርኩ።

የቀያሾቹ ኖራ የእኔን አጥር ታክኮ አለፈና የእርሱን ማሳ ለሁለት ከፈለው። ከመስመሩ ወዲያ ያለው የወል ግጦሽ ነው ተባለ፤ ሾላው ሥር ሽማግሌ ተሰበሰበ። ባልንጀራዬ ተነሥቶ፣ "አባቴ እስከ ወንዙ ድረስ ሲያርስ በሬ የነዳሁት እኔ ነኝ" አለ።

ከኋላ አንዱ፣ "ኦቦ ባሕር፣ የነዱት በሬ ነው ወይስ ዓሣ ነባሪ?" አለ።

ሁሉም ሳቀ። ከቀያሾቹ ጋር የመጣው መዝጋቢ ግራ ገብቶት ሲጠይቅ ታሪኩን ነገሩት፤ እርሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አባባ፣ እርስዎ ጎረቤቱ ነዎት። ምን ይላሉ?"

ማሳውን ከነድንበሩ አውቀዋለሁ። ግን ብመሰክርለት መስመሩ ወደ እኔ ቢዞርስ?

"አላስታውስም" አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የአገሩ ወጣት ፕላኑን ተቃውሞ ተነሣ። ጎማ ነደደ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ፣ የሰው ልጅ ተቀበረ። ኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ፤ የባልንጀራዬ ማሳ ግን ቀድሞ ታጥሮ ነበር። እርሱም ቡራዩ፣ ሴት ልጁ ቤት ገባ፤ እዚያው ታመመ።

መንገድ ሲከፈት ሄድኩ። ከብረታ ብረት ቤት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ደጅ ብረት ሲቆረጥ ይጮሃል። ከፍራሹ ግርጌ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት፤ እቶኑንም፣ ሾላው ሥር ያልኩትንም። እርግማኑን ጠበቅኩ።

"እውነት ነበረች?" አለኝ።

"ነበረች።"

"ጠርዟ ላይ ጠጉር ነበራት?"

"ነበራት።"

ዓይኑን ጨፈነ። "እኔ እኮ ሕልም ነው ብዬ ትቼው ነበር። ባለፈው ፋሲካ ልጆቼን ሰብስቤ፣ ስዋሻችሁ ኖሬያለሁና ይቅር በሉኝ አልኳቸው።"

እርሱ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ "ኢንታላ ኮ!" ብሎ ልጁን ጠራት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ያየኸውን ንገራት" አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ያደረግከውን ተወው።"