የፈለቀ ዓሦች መብራት

በጃንሆይ ዘመን፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ ክርና ቁልፍ እየሸጠች የምትኖር ሸዋገነት የምትባል ሴት ነበረች። ያላት ዘመድ ታናሽ ወንድሟ ፈለቀ ብቻ ነው። እሱም ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ ድሮ ያሠራው የነበረ ግሪካዊ ነጋዴ አገሩ ሲገባ የተወለትን የመስታወት የዓሣ ገንዳ ለእሷ ሰጣት።

«አደራ፣ ዓሦቹን። ሣሩንም እንዳታስሞችው» አላት።

ገንዳው ባንኮኒው ጥግ ተቀመጠ። ሱቁ ግን ፀሐይ አያውቅም። ውኃው ውስጥ የተተከለው ሣር ቢጫ እየሆነ መጣ። አንድ ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ደግሞ አንደኛውን ቀይ ዓሣ ዘሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ደርቆ አገኘችው። ሳታስበው የወንድሟን ነፍስ ከእነዚያ ዓሦች ጋር አቆራኝታው ኖሯል፤ አበደች እንዳይሏት ለማንም አልተናገረችም።

ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምን አለሽ ተራ ከነፈች። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጠሀ መዶሻውን አስቀምጦ ሰማት።

«ከቆርቆሮ ክዳን እሠራልዎታለሁ፣ እትዬ። ከውስጡ ሁለት አምፖል ይንጠለጠላል። ዓሣው አይዘልም፣ ሣሩም ብርሃን ያገኛል።»

«ጣውላ አይሻልም?»

«ጣውላ እንፋሎቱን እየጠጣ ይጣመማል።»

«ኤሌክትሪኩ ቢይዘኝስ?»

«እጅዎን ሳይከቱ በፊት ከሶኬቱ ይንቀሉ።»

እየፈራች ተስማማች። ክዳኑ ተገጥሞ መብራቱ ሲበራ ገንዳው አማረ፤ ደንበኛው ሁሉ ቆሞ አየ። ረፋዱ ላይ ግን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሶኬቱን ነቅላ እጇን ብትከት ውኃው ለብ ብሏል። ቆርቆሮውን ስታነሳው ጣቷን ፈጃት። ሱቁን ለጎረቤት ጥላ ተመልሳ ሮጠች።

ጠሀ ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፋ። «አምፖሉ ያግላል፣ ቆርቆሮው ያፍናል። አላሰብኩትም። ረጅሙ ነጭ መብራት፣ ፍሎረሰንቱ፣ እንዲህ አይግልም።»

«ለሣሩስ ይሆነዋል?»

«እሱን እንኳ አላውቅም፣ እትዬ።»

ይህ መልስ ይበልጥ አስጨነቃት። ቢሆንም መምረጥ ነበረባት። ክዳኑ ከኋላ እንዲበሳ፣ መብራቱ ነጩ እንዲሆን፣ በመብራቱና በውኃው መካከል ደግሞ መስታወት እንዲገባ አዘዘች፤ ውኃ ከተረጨበት ይፈነዳል ብላ ፈርታለች። ከዚያ በኋላ ገዢ እያናገረች እንኳ ዓይኗ ከገንዳው አይነቀልም።

እሑድ ሆስፒታል ሄዳ ስለሞተው ዓሣ ስትነግረው ፈለቀ ትኩር ብሎ አያት።

«ለአንድ ዓሣ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«አንተም የምትሞትብኝ መስሎኝ ነው!» ብላ ተንሰቀሰቀች።

ፈለቀ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሲተወው እጇን ያዘ። «ዓሣ መዝለል ልማዱ ነው፣ እታለም። እኔ የት እዘላለሁ? መብራቱን ግን ቀኑን ሙሉ አታብሪው፣ መስታወቱ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል።»

እንዳላት አደረገች። ክረምቱ ሲገባ ከቢጫው ሣር ሥር አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። እሷ ግን ቅጠሉን አይታም አላመነችም፤ በየሳምንቱ የሆስፒታሉን ደረጃ የምትወጣው ልቧ እየመታ ነበር።

ለመስቀል ፈለቀ ከሳ ብሎ፣ ግን በእግሩ ወጣ። ገንዳውን ልውሰድ ሲላት እሺ አላለችውም፤ እሱንም ከቤቷ አላስወጣችውም። መኝታውን ከከለለችበት መጋረጃ ወዲያ ሲያስል በሰማች ቁጥር የያዘችውን ትታ፣ ሳሉ እስኪቆም ታዳምጣለች።