ማሽላው እስኪታጨድ የዘገየው ቃል

በቅርቡ እዚህ ሸዋሮቢት እድራችን አዲስ ዳኛ መረጠ። የተሸነፈው ሰውዬ ቤቱ ገብቶ ቀረ፤ ለአሸናፊውም እስካሁን እንኳን ደስ ያለህ አላለውም። ወጣቶቹ ሲያሙት ሰማሁ። እኔ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ በጣሊያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ባሻ ወልዴ ያደረገውን አይቻለሁና።

ያኔ ልጃገረድ ነበርኩ። በቀወት ቆላ ለነበሩት አርበኞች ስንቅ አዘጋጃለሁ፤ መልእክትም አመላልሳለሁ። ማሽላው ገና እሸት ሳለ አለቃችን በወባ ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሰዉ አዲስ አለቃ ሊመርጥ ተሰበሰበ። የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ወንድሜ፣ ሌላው ይማም የሚባል፣ ከአሊዩ አምባ ጨው በግመል ሲያመላልስ ያደገ የአርጎባ ነጋዴ። እያንዳንዱ ሰው ከመረጠው ኋላ ሄዶ ቆመ። ከይማም ኋላ የቆመው በዛ።

ወንድሜ አልተሳደበም። ተከታዮቹን ይዞ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ሰፈረ፤ አልከዳም፣ አልተባበረምም። ባላገሩ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ግራ ገባው። እኔ ለሁለቱም ሰፈር ቂጣና የተጠበሰ እሸት ተሸክሜ፣ እግር በሚያቃጥለው የወንዝ አሸዋ ላይ እመላለሳለሁ። ይማም ወንድሜ እንዲመጣ በእኔ በኩል ደጋግሞ ላከበት፤ አልመጣም። በመጨረሻ ራሴ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ምን እየጠበቅህ ነው?"

"ዛሬ ብገባ ብቻዬን ነው የምገባው" አለኝ ጠመንጃውን እየወለወለ። "እነዚህ ሰዎች ገና አልበረደላቸውም። ግማሹ ወደ ቤቱ ይበተናል፤ የባሰበትም ባንዳ ይሆናል።"

እውነቱን ነው ወይስ ኩራቱን እየሸፈነ ነው? ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ወራቱ ገፋ፤ ማሽላው ታጨደ። አንድ ጠዋት ጣሊያን ከጀውሃ ተነሥቶ አንዱን መንደር ወረረ። ይማም በነበረው ጥቂት ሰው ሊመክት ሞክሮ አልቻለም። የማሽላው ክምር ሲነድ እኛ ከወንዙ ማዶ፣ ከወንድሜ ሰፈር ሆነን ጭሱን አየን። የወንድሜ ሰዎች ሲደርሱ ሁሉ አልቆ ነበር። አብራኝ ውሃ የምትቀዳው ጓደኛዬ ዘሃራ አባቷን ያጣችው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ወንድሜ ተከታዮቹን በሙሉ አስከትሎ የአባቷ ቀብር ላይ ተገኘ። ዱዓው ሲያበቃ ይማም ፊት ቆመ።

"እኔ እሻላለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬም ሐሳቤን አልለወጥሁም" አለ። "ሰዉ ግን የመረጠው እርስዎን ነው። እኔም እነዚህም ከእንግዲህ የምንታዘዘው ለእርስዎ ነው።"

ይማም በዕድሜ ያንሰዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድሜ "አንተ" እንጂ "እርስዎ" ብሎት አያውቅም።

"ባሻ፣ ትናንት ቢመጡ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና ተወው ይማም። ወደ መቃብሩ ተመለከተ። "አልሐምዱሊላህ። ይምጡ፤ ሰዎችዎን የት እንደምናሰፍር እንነጋገር።"

ከወንድሜ ሰዎች አንድም የከዳ አልነበረም። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በይማም ሥር አብረው ተዋጉ፤ ያም መንደር ዳግመኛ አልተቃጠለም። ወንድሜ ስለ ሰዎቹ የተናገረው ልክ ነበር ማለት ነው። ዘሃራ ግን ወንድሜ እስኪሞት ድረስ ሰላምታ አልሰጠችውም፤ እኔም ስጪው ብዬ አልለመንኋትም።

ነገ ወደዚያ ሰውዬ ቤት እሄዳለሁ። ልገሥጸው አይደለም፤ ልቡ እስኪበርድ ቢቆይ አይገርመኝም። ብቻ የእድር ነገር ነውና፣ ቀጣዩ ለቅሶ ሳይቀድመው ቢመጣ ይሻላል ልለው ነው።