የእናቴ ጋውን የላይኛው ቁልፍ

አምቦ ውስጥ በምሠራበት ላቦራቶሪ ሰኞ ሰኞ ጋውኖቻችን ታጥበው ሲመጡ፣ ያልለቀቀው የበረኪና ሽታ አፍንጫዬን ገና ሲነካው እጄ ሳላዘው ወደ ላይኛው ቁልፍ ይሄዳል፤ ጠበቅ ተደርጎ መሰፋቱን እነካካለሁ። ባልደረቦቼ የበረደኝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጊንጪ ነኝ፣ አምስተኛ ክፍል ነኝ፣ ከጭልሞ ጫካ በኩል የሚመጣው ብርድ በበሩ ስር እየገባ፣ መርፌና ነጭ ክር ይዤ የእናቴን ጋውን ጭኔ ላይ ዘርግቻለሁ።

እናቴ የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። መነኮሳት ሲስተሮች ያስተማሯት የጉራጌ አገር ካቶሊክ ናት፤ ተመድባ ጊንጪ መጣችና የግብርና ባለሙያውን አባቴን አገባች። አባቴ ደግሞ ከነአያቱ ጴንጤ ነው። እሑድ እሑድ ሦስታችንም አንድ ባጃጅ ላይ ተጣበን ወደ እሱ ቸርች እንሄዳለን፤ እናቴ መዝሙሩን ከሁላችን በላይ ስለምታውቀውና ስታጨበጭብም ስለማትዘገይ፣ የጎደለባት ነገር አለ ብሎ የሚጠረጥር አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ቀርታት ነበር። ከቤት ስትወጣ፣ ሚኒባስ ሲነሳ፣ በሽተኛ መርፌ ልትወጋ ስትል፣ ፈጠን ብላ ታማትባለች፤ ግንባሯን፣ ደረቷን፣ ግራ ትከሻዋን፣ ቀኝ ትከሻዋን፣ ልክ ዝንብ እንደምታባርር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩና ደስ ይለኝ ነበር፤ ምስጢር መጠበቅ ግን አልተሰጠኝም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የአጥቢያችን ሽማግሌዎች ለጸሎት ወደ ቤታችን መጡ። ሻይና ዳቦ ቀርቦ ጨዋታው ሲደራ፣ ሰው መቅዳት የምወድ ቀባጣሪ ስለነበርኩ የርዕሰ መምህራችንን አረማመድ አሳየኋቸው፤ ሳቁልኝ። ሳቃቸው ጣመኝና፣ «እማዬ ደግሞ መርፌ ልትወጋ ስትል እንዲህ ናት» ብዬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን አሞጥሙጬ አማተብኩ፤ ሁለቴ። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፣ እየቀነሰ ሄደ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ኦቦ ደበላ የሚባሉ የዋህ ሰው፣ «ልማድ ነው፣ ጌታ ቀስ በቀስ ያስለቅቃታል» አሉ። አባቴ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ያዞራል። እናቴ ከሁላቸውም በላይ ሳቀች፣ ዳቦም ጨመረችላቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ አማትባ ስትጨርስ አይቻት አላውቅም። ለቤቷ ሰላም ብላ ተወችው። እጇ ግን አልሰማም፤ ግንባሯን ይነካል፣ ወደ ደረቷ ይወርዳል፣ እዚያ ሲደርስ የጋውኗን የላይኛውን ቁልፍ ይይዝና ያሽከረክረዋል። በየወሩ ቁልፉ ይበጠሳል። መስፋቱ ማንም ሳያዘኝ የእኔ ሥራ ሆነ። አባቴ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የእናትሽ ጋውን ክር ነው እንዴ የሚበላው?» እያለ በልጁ ይቀልዳል፤ እኔ ቀና ሳልል መርፌውን አስገባለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ብል ከየት እጀምራለሁ፣ የተቆጣኝ ሰው የለም።

ዩኒቨርሲቲ አምቦ ሲደርሰኝ እረፍት ማጣቴም አብሮኝ መጣ። የሆሳዕና ከተማ ልጅ የሆነችው ካቶሊክ የዶርም ጓደኛዬ አንድ እሑድ ቅዳሴ ይዛኝ ሄደች። ካህኑ ስብከታቸውን ሲጨርሱ እንደለመድኩት «ሃሌሉያ» ብዬ ጮህኩና፣ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት አንድ ነገር የነደፈኝ መስሏቸው ዞረው ጫማዬ ስር ፈለጉ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ሁሉም አማተቡ፣ የእኔም እጅ አብሯቸው ሄደ። መንገዱን ያውቀዋል፤ ለማላገጥ የተማርኩት ነው። እንባዬ መጣ። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ቅዳሴ፣ ረፋድ ላይ ቸርች እየሮጥኩ፣ አንዱ ጋ ሆኜ የሌላውን ሰዓት እያየሁ ከረምኩ። የማምነውን ይሁን የሚጸጽተኝን የምከተለው አላውቅም ነበር። ለካህኑ ይህን ስነግራቸው፣ «ቁጭ ብለሽ ተማሪ፣ ይለይልሻል» አሉኝ። ተማርኩ፣ ለየልኝ፣ ካቶሊክ ሆኜ ቆረብኩ።

ለወላጆቼ የነገርኳቸው ቀን አባቴ ወደ እናቴ እያየ፣ «እሷንስ እኔ መቼ ከለከልኳት? በራሷ የተወችው መስሎኝ» አለ። እናቴ ቀና ብላ ሳታየው፣ «አንተማ አልከለከልክም» አለች። ያን ጊዜ ነው ለዓመታት ያቆየሁትን ይቅርታ የጠየቅኋት። «ልጅ ነበርሽ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እኔን አልበቃኝም፤ ያስጣልኳትን ካልመለስኩላት እንቅልፍ የማገኝ አልመሰለኝም።

ባለፈው ወር፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ መሆኑ ነው፣ አባቴ ራሱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቷት አምቦ መጣች። ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ካህኑ በአብ ስም ብለው ሲጀምሩ በዐይኔ ጫፍ ጠበቅኋት። ግንባሯን ነካች። ደረቷን ነካች። እጇ እዚያው ቀረ። ግራ ገብቷት አየችኝና እንደገና ከግንባሯ ጀመረች፤ እንደገና ደረቷ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ወደ ትከሻዋ ያለውን መንገድ እጇ ረስቶታል። ጣቶቿ ቁልፉን ይፈልጋሉ። የለበሰችው የሐበሻ ቀሚስ ነበር፤ ቁልፍ የለውም።