በአሰብ የጸደቁት አራት ኒሞች

ጎረቤቴ ለቆዳሽ ይበጅሻል ብላ አንድ እፍኝ የኒም ቅጠል ሰጠችኝ። በመዳፌ ሳሸው ያ መራራ ሽታ ወጣና ወስዶ አሰብ ጣለኝ። አታምነኝም ይሆናል፤ ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ከንፈሬ ጨው ጨው አለኝ።

ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የደን ባለሙያ ነበር። በረሃው እየገፋ መንገዱንና ቤቱን አሸዋ ስላለበሰው፣ በባሕሩ ዳርቻ ነፋስ የሚመክት የዛፍ አጥር ይሞከር የሚል መመሪያ ከአዲስ አበባ ወጣና አባቴን ከደሴ አንስተው አሰብ ላኩት። መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ የአሰብን ሐምሌ በዓይኑ እንዳላየው እምላለሁ። አርባ የኒም ችግኝ በጭነት መኪና መጥቶ ከጓሯችን ጀርባ ተተከለ።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ያ እርጥብ ሙቀት አስሟን ቀሰቀሰባት። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲያንገጫግጭ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትንፋሽ ትፈልጋለች። ሐኪሙ ደጋ ካልወጣች አይሻላትም ብሏል። እሷ ግን “እናንተን ጥዬ የትም አልሄድም” አለች። አባቴ ካልተዛወረ ደግሞ መውጫ የለንም። ከፊታችን ባሕር፣ ከኋላችን በረሃ፤ በመሃል ሦስታችን።

“አይዞሽ፣ ሥራው ካማረለት ያዛውሩታል” ትለኝ ነበር እናቴ። ይህን እንደ ወንጌል ያዝኩት።

ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው። ለችግኞቹ አንድ በርሜል፣ ለእኛ ደግሞ በሁለት ቀን ለየራሳችን አንድ አንድ ባልዲ ይደርሰን ነበር። አባቴ መጀመሪያ እያጎነበሰ ያጠጣ ነበር። በኋላ ግን በርሜሉን ድርቅ ከአገሯ ከደባይሲማ ላባረራት የአፋር ሴትዮ ፍየሎች ይሰጥ ጀመር። “እነዚህ ነፍስ አላቸው፤ ዛፉ ይቆይ” አለኝ። ችግኞቹ ዓይኔ እያየ ደረቁ። የአባቴ ርኅራኄ እናቴን ሊገድልብኝ ነው ብዬ ተናደድኩ።

ከአሮጌ ቆርቆሮ ክምር ኋላ አራት ችግኞች ነፋስ ሳያገኛቸው ቀርተው ነበር። ማለዳ ማለዳ ከባልዲዬ እየቀነስኩ አጠጣቸው ጀመር። ፊቴን የታጠብኩበትን እንኳ አልደፋም። ገላ መታጠብ ተውኩ ማለት ይቻላል። ፀጉሬ በጨውና በአቧራ ተጣብቆ ሹሩባዬ አልፈታ አለ። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ “አንቺ፣ የምታድሪው ባሕር ውስጥ ነው እንዴ?” እያለች ታበሽቀኝ ነበር።

ዓመት ሊሞላን ሲል ተቆጣጣሪው በአውሮፕላን መጣ። ነጭ ሸሚዙ ከጓሮው ሳይደርስ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። የአባቴ ፊት ግን ያን ቀን ፈታ ብሎ ነበር። የደረቁትን አንድ በአንድ አሳየውና “እንደሚያዩት ነው ጌታዬ፣ መሬቱ አልቀበል አለ” አለው።

አላስቻለኝም። “እነዚህስ፣ አባዬ?” ብዬ ቆርቆሮውን ገለጥኩት።

ተቆጣጣሪው ተንበርክኮ ቅጠሉን ዳሰሰ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። “ይቻላል ማለት ነዋ” አለ እየሳቀ። “እዚህ መሬት ላይ አራት ያጸደቀ ሰው ከዚህ መነሳት የለበትም። ሌላ ሁለት መቶ እልክልዎታለሁ።” አባቴ ተቆጣጣሪውን አላየም፤ እኔን ነው ያየኝ። ከውስጥ የእናቴ ሳል ይሰማ ነበር።

በሳምንቱ አባቴ እናቴን እያለቀሰች በግድ አውሮፕላን አሳፍሮ ወደ ደጋ ላካት። አውሮፕላኑ ከዓይናችን እስኪጠፋ ቆመን አየን፤ ከዚያ እኔና እሱ ብቻ ወደ ቤት ተመለስን። ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ ጓሮ ሄዶ ከአራቱ ችግኞች አጠገብ ተቀመጠ።

“እኔ እኮ እንዲደርቁ ነበር የተውኳቸው” አለኝ፣ ሳይቆጣ። “ተቆጣጣሪው ሁሉም ደርቀው ቢያገኛቸው ሙከራው ይዘጋ ነበር። እኛም እንመለስ ነበር።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬ ሁለታችንም ያሰብነው ለእሷ እንደነበር አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን የታየኝ እናቴን በገዛ እጄ ማባረሬ ብቻ ነበር።

“ውሃውን ከየት አመጣሽው?”

“ከመታጠቢያዬ።”

ሹሩባዬን በጣቱ ነካው፤ ጨው ተከተለው። ተነሳና የራሱን ባልዲ፣ ያልነካውን የሁለት ቀን ድርሻውን፣ ከቤት ይዞ መጣ። ከአንዱ ችግኝ አጠገብ አስጎነበሰኝና በጣሳ እየቀዳ ፀጉሬ ላይ ያፈስ ጀመር። ውሃው በጆሮዬ፣ በአፍንጫዬ እየወረደ ከችግኙ ፈንጠር ብሎ ይንጠባጠባል። እንባዬም አብሮት።

“ይበቃል አባዬ፣ ላንተም ይትረፍህ” አልኩት።

“ዝቅ በይ” አለኝ፤ “ውሃው ችግኙ ሥር አልደረሰም።”