የቆርቆሮው ማንጎ ጥሬ ይሁን ተባለ

ዛሬ ጠዋት ጋምቤላ፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው ቆርቆሮ ላይ የተሳለ ማንጎ በድንጋይ ሊያወርድ ሞከረ። ጓ! አለ ቆርቆሮው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አርክቴክት ነኝ፤ ሰሞኑን ስለ ሲስተም ቲዎሪ ሳነብ ከርሜ፣ ሕንፃ ውስጥ አንዱን ስትነካው ሌላው ሁሉ ይነቃነቃል የሚለው ነገር ልቤን ወስዶታል።

እናም የጋሽ ኑረዲንን ሱቅ ሳድስ፣ ሠዓሊው ጓደኛዬ ኦሞድ የጎኑን ቆርቆሮ በበሰለ ማንጎ ሥዕል ሞላው። ሥዕልና ሕንፃ ተጋቡ ብዬ ፎቶ ሁሉ ለጥፌያለሁ።

እውነትም ሁሉም ነገር ተነቃነቀ። አላፊ አግዳሚው እየሳቀ ድንጋይ ይሞክራል፣ ጋሽ ኑረዲን መስኮት ይዘጋሉ፣ ሱቁ ምድጃ ይሆናል፣ ደንበኛ ይሸሻል። (የጋምቤላን ሙቀት ለማያውቅ፦ ምድጃ ያልኩት አጋንኜ አይደለም።)

"አንተ ልጅ፣ ሱቅ አድስልኝ አልኩህ እንጂ ማንጎ ትከልልኝ መቼ አልኩህ?" ብለው ዛሬ ጮኹብኝ።

ኦሞድ ግን "ችግር የለም፣ ጥሬ እናደርገዋለን" አለና ማንጎውን በሙሉ አረንጓዴ ቀባው።

ድንጋዩ ቆመ! መስኮቱም ተከፈተ። ደረቴን ነፍቼ "ሲስተም ማለት ይሄ ነው" እያልኩ ሳብራራ፣ ጋሽ ኑረዲን በአንድ እጃቸው ጨው፣ በሌላው ሚጥሚጣ ይዘው ብቅ አሉ።

"እሱን ተወውና ሂድ ጥሬ ማንጎ ገዝተህ ና። ምራቄ አላስቀምጥ አለኝ!"

ይኸው ገበያ መሀል ቆሜያለሁ። ለካ የሲስተሙ ተላላኪ እኔ ነበርኩ።

እናንተ ሰፈርስ፣ ግድግዳ ላይ የተሳለ ነገር ማንን ምን አስደረገ? ጻፉልኝ፣ ማንጎ እየመረጥኩ አነባለሁ።